ክረምት ያቀፈችው ወረቀት

«እየሩሳሌም፣ ቶሎ ሳን ሎሬንሶ ድረሺ። አንድ ሽማግሌ ኦሬዎቹ እግር ሥር ሞቶ ተገኝቷል» አለ የሮም ፖሊስ አለቃዋ ኮሚሳሪዮ ኒኮሎ በስልክ፤ የመንገዱን ስም ነግሯትም ዘጋው።

በጣሊያንኛ «ኦሬ» ማለት ሰዓቶች ማለት ነው። መርማሪ እየሩሳሌም ፀሐዬ የሰዓት ሠሪ ሱቅ ስትፈልግ መንገዱን ሁለት ጊዜ ወጥታ ወረደችው። ዳቦ ቤት አለ፤ ብስክሌት ጠጋኝ አለ፤ ሰዓት የሚባል ነገር ግን የለም። በመጨረሻ ሰፊ የእንጨት በር ፊት ለፊት የቆመ ፖሊስ አየችና ገባች።

«ሰዓቶቹ የታሉ?» አለች።

«የምን ሰዓት?» ኒኮሎ ግራ ገባው። «ኦሬ አልኩሽ እኮ። እነዚህን!»

የሰው ቁመት ያላቸው አራት የጀሶ ሴቶች በግድግዳው ጥግ በተርታ ቆመዋል።

«የግሪኮች አማልክት ናቸው» አለ ኒኮሎ። «የሰማይን በር የሚጠብቁ፣ የዓመቱን ወቅቶች በየተራ የሚያስገቡና የሚያስወጡ እህትማማቾች። ትምህርት ቤት አልተማርሽም?»

«ተምሬያለሁ። በስልክ ግን ሰዓት ነው የመሰለኝ።»

በየእግራቸው ሥር ስማቸው በጣሊያንኛ ተቀርጿል። ፕሪማቬራ አበባ ይዛለች። የሙቀቱ ወራት እመቤት ኤስታቴ የስንዴ ነዶ በሁለት እጇ አቅፋለች። አውቱኖ የወይን ዘለላ በትከሻዋ ላይ አድርጋለች። የብርዱ ወራት እመቤት ኢንቬርኖ ካባዋን ተከናንባ በገዛ ክንዶቿ ራሷን አቅፋ ነበር። አሁን ግን ክንዶቿ መሬት ላይ ተሰባብረዋል፤ ደረቷም ተበርግዶ ባዶ ሆዷ ይታያል። ከፊቷ፣ በጀሶው ፍርስራሽ መካከል፣ ቀራጺው አቶ ራፋኤሌ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸው ተመትቷል። የእንጨት መዶሻ አጠገባቸው ወድቋል።

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ከጣሊያናዊ አባትና ከኢትዮጵያዊት እናት ተወልደው፣ በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ሮም መጥተው፣ ከዚያ ወዲህ ከዚህ የሥራ ቤት ብዙም ሳይርቁ ኖረዋል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ኒኮሎ። «ያገኘቻቸው የቤቱ ሠራተኛ ናት። ቁልፍ አላት፤ እጅጌዋ ደም ነክቶታል። ሐውልቷ ውስጥ አንድ ነገር ተደብቆ ነበር፤ ስትሰርቅ ደረሱባት።»

«የተሰረቀውስ ምንድን ነው?»

«የሆነ ቦታ ጥላዋለች።»

«የኋላው በር ገርበብ ብሎ ነው ያገኛችሁት?»

«አዎ። ንፋስ ይሆናል።»

 እየሩሳሌም ስልኩ የተሰቀለበትን ግድግዳ እያየች ነበር። ጀሶ የተቀባው ግድግዳ የሟቹ ማስታወሻ ደብተር ነበር፤ ሁሉም በእርሳስ፣ ሁሉም በአማርኛ ፊደል ተጽፏል። «ፍራንካ የጀሶ ፎርማውን ትመልስ።» «ክረምት፣ በኦገስት፣ ጀሶ ሻጩ ዝግ ነው፤ ቀድሞ መግዛት።» «ቅዳሜ ሦስቱን ማስረከብ፣ አራተኛዋን መጨረስ።» ከእነዚህ ሁሉ መካከል በላቲን ፊደል የተጻፈው አንድ ብቻ ነው፤ አንድ ስም፣ በእያንዳንዱ ፊደል መካከል ሰረዝ እየገባ፣ አንድ ሰው በስልክ ፊደል በፊደል ሲያስጽፍ እንደሚደረገው። ስሙ ቅድሳን ነበር።

«ሠራተኛዋ ማን ትባላለች?» አለች።

«ቅድሳን» አለ ኒኮሎ።

ቅድሳን ግቢው ውስጥ የጀሶ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። እጆቿን ከፊቷ ዘርግታ ይዛለች፤ የሌላ ሰው እጆች ይመስል።

«ቀና ላደርጋቸው ብዬ ነው» አለች እየሩሳሌምን ስታይ። «ይተነፍሱ መስሎኝ። እርስዎ አበሻ ነዎት?»

«ነኝ። አንቺ በይኝ። ስንት ሰዓት ደረስሽ?»

«ሁለት ሰዓት ከሩብ።»

ኒኮሎ «ሁለት» የሚለውን ቃል ስለሚያውቀው ዓይኑን አፈጠጠ። «ዱዌ? ገና ሌሊት እያለ?»

«ስምንት ሰዓት ከሩብ ማለቷ ነው» አለች እየሩሳሌም። «የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር ነው የሚጀምረው። ቀጥዪ፣ ቅድሳን።»

«ቁልፉን ሳዞር የኋላው በር ሲላተም ሰማሁ። ንፋስ ነው ብዬ ገባሁ።»

«ከእሳቸው ጋር ስንት ጊዜሽ ነው?»

«ሦስት ዓመት አልፎኛል። ክረምት ላይ ነው የመጣሁት። ሰው ሁሉ ባሕር ወርዶ ከተማው ባዶ ነበር። ሙቀቱ ሊገድለኝ! ጋሼ ራፋኤሌ 'እግርሽን ባልዲ ውስጥ ንከሪ' እያሉ ይስቁብኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። «እንደ ሠራተኛ አልነበረም አያያዛቸው። ስለ እነዚህ ሴቶች ቁጭ አድርገው ያስተምሩኝ ነበር። 'ጥንት ሦስት ነበሩ፤ አራተኛዋን እህት ያደረጓት ዘግይተው ነው' ይላሉ። ደጋግመው። ለምን እንደሆነ እንጃ።»

«ሐውልቷ ውስጥ ምን ነበር?»

«ወረቀት ይሆናል። ትናንት ቪያ ቮልቱርኖ ያለ ምግብ ቤት ምሳ ጋበዙን፤ እኔን፣ ጓደኛቸውን ጋሼ ወልደጊዮርጊስንና ክርስቲያንን። የእህታቸውን ልጅ። ጥብሱ ሲመጣ 'ሰሞኑን መሳቢያዬን የሚበረብር ሰው አለ' አሉ። 'ስለዚህ ወረቀቴን ክረምት አቅፋልኛለች፤ ሐሙስ ከእጇ እቀበላታለሁ።' ይህን ብለው ሳቁ።»

«በአማርኛ ነው ያሉት?»

«በአማርኛ። ሁላችንም እንሰማለን።»

«ማንም አልተጣላም?»

ቅድሳን አመነታች። «ጋሼ ወልደጊዮርጊስ ስንወጣ በር ላይ ተቆጧቸው። 'ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ፤ አሁንም ታዘገየዋለህ!' ሲሉ ሰማሁ። ምኑን እንደሆነ አላውቅም።» ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተጠቀለለ ደረሰኝ አወጣች። «ሰኞ ክዌስቱራ፣ የውጭ ዜጎች ክፍል፣ ቀጠሮ አለኝ። የመኖሪያ ፔርሜሶዬን ላሳድስ። ከታሰርኩ ቀረ ማለት ነው፤ አይደል?»

እየሩሳሌም ለኒኮሎ አልተረጎመችለትም። ኒኮሎ ግን ደረሰኙን ያውቀዋል።

«እስከ ነገ እኩለ ቀን» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከዚያ በኋላ ወደ አቃቤ ሕጉ እልካታለሁ። ሌላ ሰው ካመጣሽልኝ ደስ ይለኛል።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ቪያ ቮልቱርኖ ላይ ባለች ጠባብ የስልክ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ሹራብ ላይ ካፖርት ደርበው፣ ማሞቂያቸውን ጉልበታቸው መሐል አድርገው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

«ሰምቻለሁ» አሉ ገና ከመቀመጧ። «ተቀመጪ፣ ልጄ። በሩን ዝጊው።»

«በጣም በርዶዎታል፣ ጋሼ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬ አልለመድኩትም። ይሄን በጋ ብሎ መጥራት ነውር ነው! በኅዳር ሰው እንዲህ ይንቀጠቀጣል?»

«ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም። አሎራ፣ እና ልታስሪኝ ነው?»

«ከአቶ ራፋኤሌ ጋር በምን ተጣላችሁ? ሠላሳ ሦስት ዓመት ምን ማለት ነው?»

ሽማግሌው ማሞቂያውን አጠፉ፤ መልሰው አበሩት። «ቃል አስገብቶኛል። ሐሙስ ራሱ ሊናገረው ነበር።»

«ሞተዋል እኮ፣ ጋሼ።»

«ለሞተ ሰው የተገባ ቃል አይቀልም። ወረቀቱ ይናገር። እኔ አልናገርም።»

«ወረቀቱ ከሌለስ?»

«እንዴት ይጠፋል? እሱ ዕቃ ሲደብቅ ራሱም መልሶ አያገኘውም!» ሊስቁ ጀመሩና እንባቸው ቀደማቸው። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ራፋኤሌ የአባቱን ስም ያገኘው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። በፍርድ ቤት። ያ ነገር እስከ ትናንት ድረስ ያንገበግበው ነበር።»

ክርስቲያንን ያገኘችው ከሥራ ቤቱ ትይዩ ባለው ባር ውስጥ ነው። የሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ነው፤ ሮም ተወልዶ ያደገ፣ ከአጎቱ ጋር አሥር ዓመት ጀሶ ያቦካ። ጥፍሮቹ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት መቼም የሚለቅ አይመስልም። በአማርኛ ስትጠይቀው በጣሊያንኛ መለሰ።

«በአማርኛ እናውራ» አለችው። «ይቀለኛል።»

«ቫ ቤኔ፣ እሺ። ግን የኩሽና አማርኛ ነው፤ ከእናቴ የለቀምኩት። ፊደሉ ለእኔ ሥዕል ነው።» እጆቹን አፉ ላይ አድርጎ ተነፈሰባቸው። «ክረምቱ ዘንድሮ ቶሎ ገባብን።»

«ጠዋት የት ነበርክ?»

«ቲቡርቲና፣ ጀሶ ልገዛ። ዝግ ነበር። ተመለስኩ፤ ፖሊስ አየሁ።»

«ቅድሳን እንዴት ያለች ሰው ናት?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ሠራተኛ ናት። አጎቴ ግን... ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እሷ ከሌለች አይበላም። ሽማግሌ ሲሆኑ እንደዚያ ነው።» ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። «በሩን መቼ ነው የምትከፍቱልኝ? ሐውልቶቹን ቅዳሜ ማስረከብ አለብኝ። የተሰበረችውን በኋላ እሠራታለሁ። ሦስቱን ግን ዛሬውኑ ልውሰዳቸው።»

«አጎትህ ገና አልተቀበሩም።»

«ሥራው ግን የእሱ ነው። እንዲቆም አይፈልግም ነበር።»

እየሩሳሌም ሒሳቧን ከፍላ ወጣች። በር ላይ ስትደርስ ዘወር ብላ አየችው፤ ክርስቲያን የሥራ ቤቱን በር እያየ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሥራ ቤቱን ስልክ አንስታ፣ በቅርቡ ወደዚያ የደወሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ መልሳ ደወለች። አራተኛው የአንድ ኖታዮ፣ ማለትም የውል አዋዋይ፣ ቢሮ ሆነ።

«አዎ፣ ያለፈው ሳምንት ሰኞ ደውዬ ነበር» አለች ጸሐፊዋ። «ሲኞር ራፋኤሌ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘዋል። አብራቸው የምትመጣውን ሴት ስም አጻጻፍ ላረጋግጥ ነበር። አንድ ወጣት አነሳና ፊደል በፊደል አስጻፈኝ።»

«ጉዳዩን ነገርሽው?»

«በፍጹም። ከአንዲት ሴት ጋር ቀጠሮ እንዳላቸው ብቻ ነው።»

እየሩሳሌም ስልኩን ዘጋች። ከአራቱ ሴቶች ፊት ለፊት ለረጅም ጊዜ ቆመች፤ አንዳቸውንም ግን አልነካችም። ስትነካ ምስክር እንዲኖር ፈልጋለች።

ሐሙስ፣ ለእኩለ ቀን ሩብ ጉዳይ ሲሆን፣ ሁሉም በሥራ ቤቱ ውስጥ ተሰብስበው ቆሙ። ቅድሳን በሁለት ፖሊሶች መካከል ናት። አቶ ወልደጊዮርጊስ ካፖርታቸውን አልፈቱም። ክርስቲያን በሩ አጠገብ ነው። ኒኮሎ ሰዓቱን አየ።

«ሁላችሁም ማክሰኞ አንድ ማዕድ ላይ ነበራችሁ» ብላ ጀመረች እየሩሳሌም። «ሁላችሁም አንድ ዓረፍተ ነገር ሰምታችኋል፤ ወረቀቱን ክረምት አቅፋዋለች የሚል። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰው መጥቶ ከአራቱ አንዷን ሰበረ። ሌሎቹን አልነካም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን የሰማ ሰው ነው።»

«እሱን አውቀነዋል» አለ ኒኮሎ።

«ግን ሆዷ ባዶ ነበር።»

«ወረቀቱን ወስዷላ።»

«ወይም ያልሆነችውን ሰብሯል።» ፊቷን ወደ አቶ ወልደጊዮርጊስ አዞረች። «ጋሼ፣ አዲስ አበባ ክረምት መቼ ነው?»

«ይሄ ይጠየቃል? ሰኔ ማለቂያ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል።»

«በጣሊያኖቹ አቆጣጠርስ በእነዚያ ወራት ምንድን ነው?»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ዓይናቸው ስንዴ ወዳቀፈችው ሴት ሄደ። «ኤስታቴ» አሉ ቀስ ብለው።



«ስድስት ዓመቴ ሆኖ ነው እናቴ ወደዚህ ያመጣችኝ» አለች እየሩሳሌም። «መምህርቷ ኢንቬርኖን ሳሉ አለችን። ቤት ስጠይቅ 'ክረምት ማለት ነው' አሉኝ። እኔም ዝናብና ጃንጥላ ስዬ፣ ከላዩ ላይ ኦገስት ብዬ ጻፍኩ። መምህርቷ በቀይ ሰረዘችው። እዚህ የሚያድግ ልጅ ክረምት ሲባል ብርዱን ያስባል። እዚያ የኖረ ሰው ወሩን ያስባል። ቃሉ አንድ ነው፤ የሚያመለክተው ግን ሁለት የተለያዩ ሴቶችን ነው።»

«ታዲያ ሟቹ የትኛዋን እንዳሰቡ በምን እናውቃለን?» አለ ኒኮሎ።

እየሩሳሌም በስልኩ ግድግዳ ላይ ያለውን እርሳስ አሳየችው። «በገዛ እጃቸው ጽፈውልናል። 'ክረምት፣ በኦገስት፣ ጀሶ ሻጩ ዝግ ነው።' ለእሳቸው ክረምት ኦገስት ነበር። ኢንቬርኖን የሰበረ ሰው ግን ክረምትን ብርድ ነው ብሎ የሚያውቅ ነው።»

«ታዲያ ሦስቱን ሰዎች ለምን በቀጥታ አልጠየቅሻቸውም?» አለ ኒኮሎ።

«ገዳዩ ባዶ ሆድ ካገኘ በኋላ መሳሳቱን አውቋል። በቀጥታ ብጠይቅ ኖሮ መልሱን አስተካክሎ ይሰጠኝ ነበር። ስለዚህ ስለ አየሩ እንዲያወሩ ተውኳቸው። ቅድሳን በክረምት ነው የመጣሁት አለችኝ፤ ከተማው ባዶ፣ እግሯ ባልዲ ውስጥ። ጋሼ ወልደጊዮርጊስ የኅዳርን ብርድ በጋ ብለው ሰደቡልኝ። አንድ ሰው ብቻ በእጁ ላይ እየተነፈሰ 'ክረምቱ ቶሎ ገባብን' አለኝ።»

ክርስቲያን አልተንቀሳቀሰም። «ቃል ነው እኮ» አለ በጣሊያንኛ። «በቃል ሰው ይታሰራል?»

«ቅድሳን ሆን ብላ ያልሆነችውን ብትሰብርስ?» አለ ኒኮሎ።

«ያልሆነችውን ለይታ ለመስበር ትክክለኛዋን ማወቅ አለባት። ካወቀች ደግሞ ወረቀቱን ይዛ ትሄዳለች።» እየሩሳሌም ወደ ክርስቲያን ተጠጋች። «ኖታዮው ቢሮ ሲደወል ስልኩን ያነሳኸው አንተ ነህ። አጎትህ ሁሉን በፊደል ይጽፋሉ፤ አንተ ፊደል አታውቅም። የቅድሳንን ስም በላቲን የጻፈው እጅ ያንተ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ መሳቢያው ተበረበረ። ትናንት ጠዋት ሐውልቷን ስትፈለፍል ደረሱብህ። መታሃቸው። ሌሎቹን ለመክፈት ግን ጊዜ አልነበረህም፤ ቅድሳን ቁልፉን አዞረች፤ አንተ በኋላው በር ወጣህ። ለዚህ ነው አጎትህ ሳይቀበሩ 'ሦስቱን ዛሬውኑ ልውሰዳቸው' ያልከኝ።»

«ወረቀቱ እዚያ ውስጥ መኖሩን በምን አወቅሽ?» አለ ክርስቲያን።

«አላወቅኩም። አሁን እናያለን።»

ኒኮሎን ወደ ኤስታቴ ጀርባ ጠራችው። ከትከሻዎቿ በታች ከሌላው ጀሶ ይልቅ የነጣ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ልጥፍ ነበር። ኒኮሎ በመሮ ሁለት ጊዜ መታው፤ ልጥፉ ወደቀ። እጁን አስገብቶ በላስቲክ የተጠቀለለ ፖስታ አወጣ።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ነበር፣ በጣሊያንኛ፣ በእጅ የተጻፈ ኑዛዜ። ኒኮሎ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረና ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። እየሩሳሌም ተቀብላ ተረጎመችው።

«'አዲስ አበባ ትቻት በመጣሁ ዓመት የተወለደችው ቅድሳን ልጄ መሆኗን አውቃለሁ፤ አምናለሁም። እናቷ ከመሞቷ በፊት ለወልደጊዮርጊስ ጽፋ እስክትነግረኝ ድረስ አላወቅኩም ነበር። ካወቅኩ በኋላ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ፊቷን እያየሁ መናገር ፈራሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው። ስሜን ትቀበል እንደሆነ እሷ ትወስን። ያለኝ ሁሉ የእሷና የክርስቲያን ነው፤ እኩል።'»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ኮፍያቸውን አወለቁ።  ቅድሳን በሁለቱ ፖሊሶች መካከል እንደቆመች ኤስታቴን እያየች ነበር።

«እኩል?» አለ ክርስቲያን። አንድ የጀሶ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። «ሊያገባት መስሎኝ ነበር። ሊያገባትና ሊያባርረኝ። ወረቀቱን ማየት ብቻ ነው የፈለግኩት። ከጀርባዬ ሲጮህብኝ... 'ምን እያደረግክ ነው' ሲል... ጎንበስ ብሎ ቁርጥራጮቿን መልቀም ጀመረ። እኔን እንኳ አላየም። እሷን ነው ያየው።» እጆቹን ተመለከተ። «ቢነግረኝስ ምን ነበረበት?»



ኒኮሎ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠ። ቅድሳንን ለቀው ወደ ክርስቲያን ሄዱ። በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ ወለሉ ላይ ያለው ነጭ ዱቄት ትንሽ ተነሳና መልሶ ተኛ።

«ሁለት ጊዜ ነው ያልኳቸው» አለች ቅድሳን።

«ምን?» አለች እየሩሳሌም።

«'አባቴ ቢኖር እንደ እርስዎ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር' ብዬ። ሁለቱንም ጊዜ ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ሄዱ።»

አቶ ወልደጊዮርጊስ ካፖርታቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት።

ክርስቲያን በዚያው ዕለት ቃሉን ሰጥቶ ፈረመ። አቶ ራፋኤሌ ቅዳሜ ተቀበሩ። ሰኞ ቅድሳን ክዌስቱራ ሄዳ ፔርሜሶዋን አሳደሰች። በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት፣ ኖታዮው ቢሮ ገብታ የአባቷን ስም ለመቀበል ፈረመች።